እናቴ ቀዶ ጥገና አለባት፤ የልብ መድኃኒቷን እናቁም ወይስ ትውሰድ?

ጥያቄ (የይርጋለም ልጅ)
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። በሩማቲክ ሕመም የልብ በሯ ጠቧል፣ ምቷም ይዛባል። ለምቷ ሜቶፕሮሎልና ዲጎክሲን፣ ውሃ በሽንት የሚያስወጣውን ላዚክስ፣ ደም እንዳይረጋ ደግሞ ዋርፋሪን ትወስዳለች። አሁን የሐሞት ጠጠሩ ስላላስቀመጣት ሐዋሳ ለቀዶ ጥገና ቀጥረዋታል፤ ሁለት ሳምንት ቀርቶናል። የሰጡን ወረቀት «ከእኩለ ሌሊት በኋላ በአፍ ምንም እንዳይገባ» ይላል። ጎረቤታችን ደግሞ «ደም ያቀጥናል፣ ሁሉንም ከሳምንት በፊት አቁሙ» አሉን። ስለ ልብ መድኃኒቷ የጠየቀን ሐኪም የለም። ምን ይሻላል?

ነርስ ነኝ፣ ሐዋሳ
እህቴ፣ ሁሉንም ማቆም የሚባለውን እርሺው። ሜቶፕሮሎል በድንገት ሲቆም ምቱ ከበፊቱ ብሶ ሊፈጥን ይችላል። የልብ በሩ ለጠበበ ሰው ይሄ ከባድ ነው፤ ልብ ሲፈጥን ደሙ በጠባቡ በር የሚያልፍበት ጊዜ ያጥርና ወደ ሳንባ ይጠራቀማል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ በቀዶ ጥገናው ዕለት ጠዋትም ይወሰዳል።
«በአፍ ምንም አይግባ» የሚባለው በሰመመን ጊዜ ከሆድ የሚወጣ ነገር ወደ ሳንባ እንዳይገባ ነው። ክኒን በአንድ ጉንጭ ውሃ መዋጥ ከዚህ ጋር አይጋጭም። ብቻ የትኛውን እንደምትውጥ ሰመመን ሰጪው ራሱ ይንገራችሁ። የዚያን ጠዋት ምቷ ከ50 በታች ከሆነ ወይም ግፊቷ ከወረደ ሳትውጥ በፊት ተናገሩ።

ፋርማሲ ውስጥ የምሠራ
ጎረቤታችሁ በዋርፋሪኑ አልተሳሳቱም፤ እሱ ብዙ ጊዜ ከ5 ቀን በፊት ይቆማል። ከዚያ አይኤንአር (ደሟ ለመርጋት የሚዘገየውን የሚያሳይ የደም ምርመራ፤ ሲበዛ ለመድማት ይቀላል) ተለክቶ ከ1.5 በታች መውረዱ ይረጋገጣል። ግን በራሳችሁ እንዳታቆሙት! የጠበበ በርና የተዛባ ምት ሲገናኙ ልብ ውስጥ ደም ሊረጋ፣ ከዚያም ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። በመሃል ባሉት ቀናት የሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ) መርፌ ያስፈልጋት እንደሆነ የሚወስነው የልብ ሐኪሟ ነው።
ላዚክስ ፖታሲየም ያወርዳል፣ ፖታሲየም ሲወርድ ደግሞ ዲጎክሲን መርዝ ወደ መሆን ያደላል። ከቀዶ ጥገናው በፊት የፖታሲየምና የኩላሊት ምርመራ ይሠራላት በሉ። ላዚክሱን በዕለቱ ጠዋት ብዙዎች ያዘልላሉ፤ እሷ ግን ውሃ የምትቋጥር ከሆነ ሌላ ነገር ነው፣ ይጠየቅ።

ከአቶቴ
አባቴ የዓይን ሞራ ሲገፈፍለት ዋርፋሪን አላቆመም፣ ምንም አልሆነም። ምን ያስጨንቃችኋል?

ፋርማሲ ውስጥ የምሠራ
ወንድሜ፣ የዓይን ሞራ የሚደማው ከቁጥር አይገባም፤ ብዙ ጊዜ ሳይቆም ይሠራል። ሐሞት ከረጢት ከጉበት ሥር ተላቆ ነው የሚወጣው። አይነጻጸሩም።

ከሞኖፖል
እኔ ስለ ማግስቱ ልንገርሽ። ያስታመምኩት አጎቴ ከቀዶ ጥገና ሲወጣ የአንቲባዮቲክና የማስታገሻ ትእዛዝ ተጻፈለት፣ የምት መድኃኒቱ ግን ተረሳ። በሁለተኛው ቀን ልቡ ሲጋልብ ነው የታወቀው። አስታማሚ ሆነሽ ስትገቢ ክኒኖቹን ከነካርቶናቸው በፌስታል ያዢ፣ ዝርዝሩን ከነመጠኑና ከነሰዓቱ ጽፈሽ ቻርቷ ላይ ይያያዝልኝ በይ። ተረኛ በተቀየረ ቁጥር ጠይቂ፤ «ይቺ ልጅ አበዛችው» ይበሉሽ። የምታስመልስ ከሆነም ንገሪ፣ በደም ሥር የሚሰጥ አለ።

ጥያቄ (የይርጋለም ልጅ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ለሕመም ቤት ውስጥ ዲክሎፌናክ አለን፣ ልስጣት? ጾም ስለሆነ ደግሞ ጎመን ታበዛለች፣ ችግር አለው?

ፋርማሲ ውስጥ የምሠራ
ዲክሎፌናክም አይቡፕሮፌንም ከዋርፋሪን ጋር አይሆኑም፣ ጨጓራ ያደማሉ። ፓራሲታሞል ይሻላል። ሜትሮኒዳዞል የሚባለው አንቲባዮቲክ ከታዘዘላትም ዋርፋሪን እንደምትወስድ ይነገር፣ አይኤንአሩን ከፍ ያደርገዋል።
ጎመን ቫይታሚን ኬ ስላለው የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳል። አትከልክያት፣ ብቻ አንድ ሳምንት በየቀኑ፣ ሌላ ሳምንት ጭራሽ አይሁን። ከቀዶ ጥገና በኋላ ዋርፋሪኑ ሲጀመር ጾሙ ተፈቶ ጎመኑ ከቀረ ያው መጠን ሊበዛባት ስለሚችል አይኤንአሩ ቶሎ ቶሎ ይታይ።

ነርስ ነኝ፣ ሐዋሳ
ሁለት ሳምንት አለሽ አይደል? በዚህ ሳምንት የልብ ክትትል ካርዷን ይዘሽ ወደ ልብ ሐኪሟ ሂጂ፣ የሚቆመውንና የሚቀጥለውን በጽሑፍ ያድርግልሽ፣ ወረቀቱን ለቀዶ ሐኪሙም ለሰመመን ሰጪውም አሳዪ። ዋርፋሪኑ ከሚቆምበት ቀን በፊት መድረስ አለበት።