ዲመር ላይ ኤልኢዲ አምፖል ሲገባ ለምንድነው የሚርገበገበው?

ጦሳ ስር (ደሴ)፦
ሰላም እንዴት አመሻችሁ፣ ኤሌክትሪክ የምታውቁ ካላችሁ እስኪ አንድ ነገር ንገሩኝ። የተከራየነው ቤት ሳሎን ላይ የሚዞር የድሮ ዲመር (መብራቱን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ማብሪያ) አለ፣ ሻንደሌሩ አራት አምፖል ይወስዳል፣ እስካሁን ባለ ክሮቹ የድሮ ቢጫ አምፖሎች ነበሩ እና እናቴ ማታ ቡና ሲፈላ መብራቱ ዝቅ ሲልላት ነው ደስ የሚላት። ቆጣሪው በላን ብዬ አራቱንም ባለ 7 ዋት ኤልኢዲ አደረኳቸው። ከዛ ወዲህ ዝቅ ሳደርገው ይርገበገባል፣ ዲመሩ ጥዝዝ ይላል፣ ይባስ ብሎ አጥፍቼውም አምፖሎቹ ጭል ጭል ይላሉ፣ እማዬማ ቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር አለ ማለት ጀምራለች ሃሃሃ። አምፖሉ ነው ፎርጅድ ወይስ ዲመሩ ተበላሽቶ ነው? የሱቁ ልጅ ኤልኢዲ ሁሉ አንድ ነው ብሎኛል።

ቧንቧ ውሃ፦
የቮልቴጅ ነገር ነው ወንድሜ፣ እኛም ሰፈር ማታ ማታ ወጣ ወረድ ይላል። ስታቢላይዘር ግዛ ይተውሃል።

ሐረጎ ላይ (ኮምቦልቻ)፦
ኧረ ስታቢላይዘር አትግዛ ወላሂ ብርህን ነው የምትጨርሰው። ቮልቴጅ ቢሆን ዲመር የሌለው የመኝታ ቤቱ አምፖልም አብሮ ይርገበገብ ነበር። እኔ ስራዬ ይሄው ነው፣ በየቤቱ የሚያጋጥመኝ ነገር ነው።

ዲመር ብዙ ሰው እንደሚያስበው ቮልቱን ዝም ብሎ አይቀንስም፣ በሰከንድ 100 ጊዜ እየቆረጠ ነው የሚሰጠው (መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ)። ቢጫው አምፖል ውስጥ ያለው ክር እንደ ምጣድ ነው፣ አንዴ ከጋለ ቶሎ አይቀዘቅዝም፣ ስለዚ መቆረጡ አይታይህም። ኤልኢዲ ግን ውስጡ ትንሽ ሰርኪዩት አለው፣ የተቆራረጠ መብራት እንዲቀበል ተደርጎ ካልተሰራ ግራ ይገባዋል። ሁለተኛው ነገር ዲመሩ ራሱ በትክክል እንዲሰራ ቢያንስ የተወሰነ ጭነት ይፈልጋል፣ የድሮዎቹ ላይ 60–400 ዋት ምናምን ተብሎ ተፅፎ ታገኘዋለህ። ያንተ አራቱም ተደምረው 28 ዋት ናቸው፣ በምን አቅሙ ይያዝ? ሲጠፋ ጭል ጭል የሚለውም ብዙ ጊዜ በዲመሩ ሾልኮ የሚያልፍ ትንሽ ከረንት ነው፣ ለቢጫው ምንም አይደል ለኤልኢዲ ግን ይበቃዋል። ጂኒ የለም በላቸው እማማን።

መጀመሪያ ካርቶኑን አንብብ፣ ዲመብል (ለዲመር የሚሆን) ካላለ አለቀ። ካለ ደግሞ አንዱን ብቻ አውጥተህ ባለ 60 ዋት ቢጫ መልስበትና ሞክር፣ ከተረጋጋ የጎደለው ጭነት ነበር ማለት ነው፣ ያኔ ለኤልኢዲ ተብሎ የተሰራ ዲመር ትገዛለህ።

ሐይቅ ዳር፦
እኔስ ያለኝ ጥምዝምዙ ኢኮኖሚ አምፖል ነው፣ እሱ ይሻል ይሆን? ሱቄ ውስጥ ደግሞ ትራንስፎርመር ያላቸው ትንንሽ ሃሎጅኖች አሉ።

ሐረጎ ላይ፦
እታለም ጥምዝምዙንስ ዲመር ላይ ባታስገቢው፣ አብዛኛው ለዲመር አልተሰራም፣ ይርገበገባል ቶሎም ይቃጠላል፣ ሊግልም ይችላል። ሃሎጅን በ220 በቀጥታ የሚሰራው እንደ ቢጫው ነው ችግር የለውም። ያንቺ ግን ባለ 12 ቮልት ናቸው መሰለኝ፣ ዲመሩ ከትራንስፎርመሩ ጋር መስማማት አለበት፣ ከባዱ የብረት ትራንስፎርመርና ቀላሉ ኤሌክትሮኒክሱ የሚፈልጉት ዲመር ይለያያል። ትራንስፎርመሩን ፎቶ አንሺና ላኪ።

ቧንቧ ውሃ፦
እሺ መምህር ተሸንፌያለሁ 😂 ግን የኛ ሰፈር ቮልቴጅ እውነት ነው

ጦሳ ስር፦
ካርቶኑን ከቆሻሻው ፈልጌ አገኘሁት፣ በትንሹ ኖን ዲመብል ይላል። የሱቁን ልጅ ነገ አናግረዋለሁ። አሁን ግን ዲመሩ የአከራያችን ነው፣ አውጥቼ ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ባደርግበትስ?

ሐረጎ ላይ፦
እሱም ይሆናል ርካሹም እሱ ነው፣ አምፖሎቹ ሳይባክኑ ይሰራሉ፣ ለእማማ ቡና ጥግ ላይ ባለ 3 ዋት ሞቅ ያለ ቀለም ያለው አንድ አምፖል ለብቻው አድርግላቸው። ዲመሩን ስትለቁ መልሰህ እንድትገጥመው አስቀምጠው። ስትፈታው ብሬከሩን ከቆጣሪው አውርድ፣ ዲመሩን ማጥፋት ብቻ አይበቃም ሽቦው ላይ መብራት ሊኖር ይችላል። ሽቦ ነክተህ የማታውቅ ከሆነ ደግሞ ሰፈርህ ያለ ኤሌክትሪሽያን ጥራ፣ የአስር ደቂቃ ስራ ናት። ጭል ጭሉ ከዛም በኋላ ካልጠፋ ፌዙ (መብራት የሚያመጣው ሽቦ) ቀርቶ ኒውትራሉ (መላሹ ሽቦ) ይሆናል ማጥፊያው ላይ የታሰረው፣ ያኔ ፃፍልኝ።