«ጉድጓድ ለመቆፈር ዶክትሬት?»

የዓባይ ማዶ ልጅ፦
የሰፈራችን ልጅ ውጭ አገር ሃይድሮጅንን መሬት ውስጥ ስለማከማቸት ዶክትሬቱን እየሠራ ነው ተብሎ ትናንት እዚህ ተጻፈ። ከሥሩ አንድ ሰው «ጉድጓድ ለመቆፈር ዶክትሬት?» አለ። ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ። ነፋስና ፀሐይ ሲተርፉ በትርፉ ኤሌክትሪክ ውሃን ሰንጥቀህ ሃይድሮጅን ታወጣለህ። ከዚያስ ለወራት የት ታኖረዋለህ? በክብደት ከጋዝ ሁሉ ቀላሉ ነው፤ ቦታ ይፈጃል። የሚጠናው ይኼ ነው እንጂ አካፋና ዶማ አይደለም።

የመብራት ሠራተኛ፦
ያልኩት እኔ ነኝ። አሁንም እላለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ገመድ ስዘረጋ ኖሬያለሁ። እኛ ማጠራቀሚያ መቼ አጣን? ጣናስ ምንድን ነው? ውሃው በ12 ኪሎ ሜትር ዋሻ ወርዶ በለስ ላይ 460 ሜጋዋት ያመነጫል፤ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ። ሃይድሮጅን ግን 100 እጅ ኤሌክትሪክ አስገብተህ መልሰህ መብራት ስታደርገው 30 ወይም 40 እጅ ቢደርስህ ነው። ትናንት ማታ ባለቤቴ እንጀራ እየጋገረች መብራት ሄደ። አንዱ ጠርዝ ዓይን አውጥቷል፣ መሀሉ ሊጥ ነው። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኼ ነው። የጎደለን መስመርና ትራንስፎርመር ነው። ጎበዝ ልጅ ካለን እሱን ይማርልን።

የፖሊ ተማሪ፦
ጋሼ፣ በአክብሮት ነው፤ «ጉድጓድ» የምትለዋን ቃል ይተዉልን። እንግሊዞች ቲሳይድ ላይ ከ1972 ጀምሮ ሃይድሮጅን በጨው ውስጥ ያስቀምጣሉ። አሜሪካኖች ቴክሳስ ላይ ከ1983 ጀምሮ። ወፍራም የጨው ንጣፍ ፈልገው ውሃ ይልኩበታል። ጨው ይሟሟል፣ ይቀዳል፣ ዋሻ ይቀራል። ጨው ሲጫኑት ስንጥቁን ራሱ ይደፍናል። ለዚህ ነው ጋዙ የማያመልጠው።

የመብራት ሠራተኛ፦
እሺ፣ ባሕር ዳር ላይ ጨው የት አለ?

የፖሊ ተማሪ፦
ባሕር ዳር ላይ የለም። ዳሎል አካባቢ ግን ብዙ መቶ ሜትር ውፍረት ያለው ጨው አለ። ሙቀቱና የመሬት መንቀጥቀጡ ነው ችግሩ። ኦጋዴን ደግሞ የካሉብና የሂላላ ጋዝ በጥቃቅን ቀዳዳው ውስጥ ያለበት ድንጋይ አለ። ስንት ሚሊዮን ዓመት ጋዝ ይዞ ኖሯል።

የዘጌ ባለ ጀልባ፦
የተፈጥሮ ጋዝ ያዘ ማለት ሃይድሮጅን ይይዛል ማለት ነው? ግቢዬን ለመሠረት ሳስቆፍር የወጣ ጥቁር ድንጋይ በር ላይ ተቀምጧል። ዛሬ ጠዋት በጆግ ውሃ አፈሰስኩበት። ስንጥቁን ተከትሎ ከሥር ወጣ። የኛ አገር መሬት እንዲህ ነው።

እህቱ፦
ዶክትሬቱን የሚሠራው ልጅ እህት ነኝ። ስሙ እንዲነሳ አይፈልግም፣ አልጠራውም። ወንድሜ የጣናን ድንጋይ አልነካም። የሚሠራው በአሸዋ ድንጋይ ነው። በቪዲዮ ሲደውል አሳይቶኛል፤ የሻይ ብርጭቆ የምታህል ድንጋይ ናት። በጨው ውሃ ያርሳታል፣ ወፍራም የብረት ዕቃ ውስጥ ይከታታል፣ ሃይድሮጅኑን በግፊት ይለቅባታል። ስንቱ ገባ? ስንቱ ተመለሰ? ስንቱ እዚያው ቀረ? እንቅልፍ የሚያጣው ለዚህ ነው። ደግሞ መሬት ውስጥ ሃይድሮጅን የሚበሉ ረቂቅ ተሕዋስያን አሉ። ሚቴን ያደርጉታል፤ አንዳንዶቹ የገማ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይሠሩበታል። የድንጋይ ጥያቄዎን እሱም ይጠይቀዋል፣ የዘጌው። «ጉድጓድ» ግን እናቴ አንብባዋለች። አመማት።

የመብራት ሠራተኛ፦
ለእናትሽ ይቅርታ በይልኝ፣ ልጄ። ክፋት የለኝም። ሐሳቤን ግን አልቀይርም።

የዳንግላው፦
ሁላችሁም መብራት መብራት ትላላችሁ። ዩሪያ እኮ የሚሠራው ከአሞኒያ ነው፤ አሞኒያ ከሃይድሮጅንና ከናይትሮጅን። አባቴ ሰኔ በገባ ቁጥር ለማዳበሪያ ወረፋ ቆሞ ይውላል። ዝናቡ እኮ እሱን አይጠብቀውም።

የመብራት ሠራተኛ፦
ለማዳበሪያ ከሆነ ጉድጓዱ ምን ያደርጋል? ሃይድሮጅኑ እንደወጣ ወደ ፋብሪካ ይግባ።

የዳንግላው፦
ጋሼ፣ አሁንም ጉድጓድ! የአሞኒያ ፋብሪካ ነፋስ በቆመ ቁጥር አይጠፋም፣ ነፋስ በመጣ ቁጥር አይነሳም። እንደ ምጣድ አይደለም። መሀል ላይ ክምችት ያስፈልገዋል።

የዘጌ ባለ ጀልባ፦
ውሃውስ? ሃይድሮጅኑ ከየት ሊወጣ ነው? ጣና ላይ ሌላ ጠጪ ልታመጡብን ነው?

የፖሊ ተማሪ፦
ለአንድ ኪሎ ሃይድሮጅን የሚሰነጠቀው 9 ሊትር ውሃ ነው። አንድ ጀሪካን ከሁለት ኪሎ በላይ ይወጣዋል። ጣናን የሚያደርቀው ይኼ አይደለም።

የዘጌ ባለ ጀልባ፦
ጀሪካኑን ተወው። በበጋ ጢስ ዓባይን ሄደህ እይ፤ ፏፏቴው እንዴት እንደቀጠነ። እምቦጩ ሲመጣ ጀልባዬ ሞተር ውስጥ የተጠመጠመውን በእጄ የምነቅለው እኔ ነኝ። ከሐይቁ የሚነሳ ነገር ሁሉ መጀመሪያ የሚነካው እኛን ነው። ማን ጠየቀን?

የዓባይ ማዶ ልጅ፦
ጣና ላይ ይሠራ ያለ ማን አለ? ልጁ አላለም፣ እህቱ አላለችም።

የዘጌ ባለ ጀልባ፦
ሲባል አይደለም የምጠይቀው። ሳይባል ነው።