ባልቲሞር ወደብ የተጎዳ ሠራተኛ፦ ካሳው የስቴት ነው የፌዴራል?

ፒያሳ_ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የእህቴ ባል ባልቲሞር ወደብ ኮንቴይነር ያስራል። መርከቡ ላይ ሳይሆን ተርሚናሉ ላይ ጉልበቱ ተጎዳ። አሠሪው የስቴት ፎርም አስሞልቶት በየሳምንቱ ይከፈለዋል። ባልደረቦቹ ግን «ያንተ የፌዴራል ነው» ይሉታል። ሁለቱንም መጠየቅ ይችላል? እህቴና ልጆቹ እዚህ ፒያሳ ናቸው፤ እነሱንስ ይመለከታል?

ሕግ_ነክ፦
ባልደረቦቹም አሠሪውም ልክ ናቸው። የፌዴራሉ የወደብ ሠራተኞች ካሳ ሕግ በ1927 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ ውሃ ላይ ነበር የሚያበቃው፤ በ1972 ተሻሽሎ ተርሚናሉን ጨመረ። በ1980 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰን ሺፕ በተባለው መርከብ ሠሪ ኩባንያ ጉዳይ፣ የፌዴራሉ ሕግ ወደ የብስ መውጣቱ የስቴቱን አያስቀርም ብሎ ወሰነ። ድርብ ክፍያ ግን የለም። አማካይ የሳምንት ደመወዙ 1,500 ዶላር ከሆነ የፌዴራሉ ካሳ የዚያ ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 1,000 ነው፤ ከስቴቱ 800 ካገኘ የሚጨመርለት 200 ብቻ ነው። የፌዴራል ሽፋን ያለውን ሠራተኛ የካሳ ጥያቄ ጭራሽ የማይቀበሉ ስቴቶችም አሉ።

ዶክ_ሠራተኛ፦
ብዙ ሰው የሚወድቀው ቀኑ ላይ ነው። የስቴቱ ፎርም የፌዴራሉን አይተካም! ለአሠሪው በጽሑፍ ማሳወቂያ 30 ቀን፣ ኤልኤስ-203 የተባለውን የካሳ ጥያቄ ለአሜሪካ ሠራተኛ ሚኒስቴር ለማስገባት 1 ዓመት። ሌላ ድርጅት፣ ለምሳሌ የከባድ መኪና ባለቤት፣ ጥፋተኛ ከሆነ ደግሞ አሠሪውና ኢንሹራንሱ በጽሑፍ ሳይፈቅዱ ከዛ ድርጅት ጋር በስምምነት እንዳይፈርም፤ የወደፊት ካሳውን ሊያሳጣው ይችላል። የመርከብ ባልደረባ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመለከተውም ነበር፤ የሱ መንገድ ጆንስ አክት በተባለው የመርከበኞች የፌዴራል ሕግ አሠሪውን መክሰስ ነው።

ሕግ_ነክ፦
ስለ እህትህ፦ እሱ በሕይወት እያለ የሚከፈለው ለእሱ ነው። አያድርገውና በጉዳቱ ቢሞት ግን ሚስት ብቻዋን የደመወዙን 50 በመቶ፣ ከልጆች ጋር ሁለት ሦስተኛ ታገኛለች፤ ውጭ አገር ላለ ዜጋ ያልሆነ ቤተሰብም ይሠራል። እዚህ ላይ የሚያናድድ አንቀጽ አለ፦ ኢንሹራንሱ ከጠየቀ እንዲህ ላለው ቤተሰብ የወደፊቱ ክፍያ በአንዴ ተጠቃሎ በግማሹ ይከፈላል። የተክሊል ወረቀት ብቻ ካላት ከአሁኑ ወሳኝ ኩነት ታስመዝግበው፤ አስተርጉማ ውጭ ጉዳይ ታረጋግጠው። የልጆቹ ልደት ከእኛ አቆጣጠር ሲገለበጥ ብዙ ጊዜ በስህተት ዓመቱ ብቻ ተቀይሮ ቀኑ እንዳለ ይቀራል፤ ስሙም ከፓስፖርቱ በአንድ ፊደል ይለያል። ሁለቱንም ማኅተም ሳይመታበት ታስተካክል።