የሰሜን ኮከብ በማይታይበት ቦታ ቴሌስኮፕን ማስተካከል

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ የከዋክብት ፎቶ ማንሳት ጀምሬአለሁ፤ ነገር ግን የ1 ደቂቃ ፎቶ ሳነሳ ከዋክብቱ እንደ ሩዝ ፍሬ ተራዝመው ይወጣሉ። የቴሌስኮፑን መቆሚያ በሰሜን ኮከብ እንዳላስተካክል ደግሞ የእንጦጦ ተራራ ይከልልብኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ ኮከቡ ከአድማስ በላይ ያለው ከፍታ ክንድዎን ዘርግተው ከሚያዩት ጭብጥዎ አይበልጥም። ስለዚህ በደቡብ በኩል፣ ከሰማይ ወገብ (ከምድር ወገብ በላይ በሰማይ ላይ ከሚታሰበው መስመር) አጠገብ ያለ ኮከብ ይምረጡና የመቆሚያው ሞተር እየተከተለው ሳለ ለ5 ደቂቃ ይመልከቱት፤ ወደ ደቡብ ከተንሸራተተ የመቆሚያው ምሶሶ (የሚዞርበት ዘንግ) ሰማዩ ዙሪያውን ከሚዞርበት ነጥብ፣ ከሰማይ ዋልታው፣ ወደ ምሥራቅ አዘንብሏል ማለት ስለሆነ በጥቂቱ ወደ ምዕራብ ያዙሩት። ከዚያም የምሶሶውን ከፍታ በምሥራቅ ዝቅ ብሎ በሚታይ ኮከብ ያስተካክላሉ።

ሌላ መልስ፦ ሰሜንን የሚያገኙበትን ኮምፓስ ከመቆሚያው የብረት እግር ያርቁት፤ እኔ በዚህ ስሕተት ብዙ ጥርት ያሉ ሌሊቶች አምልጠውኛል። እስኪለማመዱ ድረስ ያለ ሞተር፣ በ24 ሚሊሜትር ሌንስ እስከ 20 ሰከንድ ያንሱ።

ጠያቂው፦ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ዛሬ ማታ ሰማዩ ከጠራ በደቡቡ ኮከብ እጀምራለሁ።