«ጀስት» ስትባል ብቻ ማለት ናት ወይስ አሁን ገና?

ጠያቂ (ሜሪላንድ)፦
ሰላም ቤተሰብ። ሰው ቤት እየሄድኩ አረጋውያንን እንከባከባለሁ። ከእኔ በፊት ያለችው ተረኛ ማስታወሻ ትታልኝ ትሄዳለች። ትናንት «ሺ ጀስት ኤት ሱፕ» የሚል አገኘሁ። እኔ «ጀስት» ማለት «ብቻ» ነው ብዬ ነው የማውቀው። ሴትዮዋ የበሉት ሾርባ ብቻ ነው? ወይስ አሁን ገና ነው የበሉት? ስኳር ስላለባቸው ነገሩ ቀላል አይደለም። ኃላፊዬ ደግሞ «ጀስት ቼኪንግ ኢን» እያለች ቴክስት ትልክልኛለች። እየተቆጣጠረችኝ ይሆን? የምታውቁ አስረዱኝ።

የእንግሊዝኛ መምህር (አዲስ አበባ)፦
እህቴ፣ ዓረፍተ ነገሩ በእርግጥም ሁለቱንም ይሆናል። እኛ ትምህርት ቤት የተማርነው «ሺ ሃዝ ጀስት ኢትን» የሚለውን ነው። እንደዚያ ከተጻፈ ያለጥርጥር «አሁን ገና በላች» ነው። አሜሪካኖች ግን «ሃዝ»ን ትተው «ሺ ጀስት ኤት» ማለት ይቀናቸዋል። ግራ መጋባቱ የመጣው ከዚያ ነው። በንግግር ቢሆን ድምፅ ይለየዋል። «ሱፕ» ላይ ጫን ካሉ «ሾርባ ብቻ» ማለት ነው። ወረቀት ላይ ግን ድምፅ የለም።
ሌሎችም ፍቺዎች አሏት። «ጀስት ራይት» ልክክ ያለ ነው። «አይ ጀስት ሜድ ኢት» ለጥቂት ደረስኩ፣ ማለትም ሊያመልጠኝ ነበር። ቦታዋንም ተመልከቺ። «አይ ጀስት ዶንት ክሊን» ካልሽ «በቃ፣ አላጸዳም» ብለሽ እምቢ ማለትሽ ነው። «አይ ዶንት ጀስት ክሊን» ካልሽ ግን «ማጽዳት ብቻ አይደለም የምሠራው» ነው። ለአሠሪ የመጀመሪያውን ብትይው ጉድ ይፈላል።

ነርስ (ቨርጂኒያ)፦
ሰዋስው ጥሩ ነው፣ ግን የሰው ጤና ላይ ግምት አይሠራም። ሴትዮዋ አሁን ገና በልተው ከሆነ ስኳራቸው ሲለካ ከፍ ሊል ይችላል። ሾርባ ብቻ ከሆነ የበሉት ደግሞ በኋላ እንዳይወርድባቸው ትጠነቀቂያለሽ። ስለዚህ ደውለሽ «ዋት ታይም?» እና «ኤኒቲንግ ኤልስ?» በያት። ማንም አይቀየምሽም፤ ሥራሽ ነው።
መድኃኒት ላይ ደግሞ የባሰ ነው። «ሂ ጀስት ቱክ ሂዝ ፒል» የሚል ስታዪ ሰዓቱ ካልተጻፈ አትስጪ፣ መጀመሪያ ጠይቂ። «ጀስት ዋን ታብሌት» ግን ግልጽ ነው፤ አንድ ፍሬ ብቻ። አንቺም ስትጽፊ «ጀስት»ን ተያትና «ከቀኑ 1:15፣ ሾርባና ግማሽ ዳቦ» ብለሽ በእንግሊዝኛ አስፍሪ። ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን እንዳትረሺ።

ከለንደን፦
ስለ ኃላፊሽ ልንገርሽ። «ጀስት ቼኪንግ ኢን» ማለት «እንዲያው ደህና መሆንሽን ልጠይቅ ብዬ ነው» ነው። እዚህ ላይ «ጀስት» ነገሩን ታለሰልሳለች። «ኩድ ዩ ጀስት ክሎዝ ዘ ዶር» ሲሉሽም የኛን «እስቲ አንዴ በሩን ዝጊልኝ» አስቢ። ለስላሳ ነው፣ ግን ትእዛዝነቱ አይቀርም። ስለዚህ ለቴክስቷ አጭር መልስ ላኪላት። «ኦል ጉድ፣ ሺ ኤት አት ዋን» ብትያት ደስ ይላታል።
ስትቆጣ ደግሞ ይህችው ቃል ትከራለች። «ጀስት ዱ ኢት» በተናደደ ሰው አፍ «በቃ፣ ዝም ብለሽ ሥሪው!» ነው።

ከጆሃንስበርግ፦
ደቡብ አፍሪካ ያላችሁ ደግሞ «ጀስት ናው»ን ልብ በሉ። ሌላ አገር «ቅድም» ወይም «አሁን» ነው። እዚህ «አይል ዱ ኢት ጀስት ናው» ያለ ሰው በኋላ እሠራዋለሁ ማለቱ ነው፤ በኋላው መቼ እንደሆነ ግን አይታወቅም። ቶሎ ከሆነ «ናው ናው» ይላሉ። ደንበኛ «ጀስት ናው እከፍላለሁ» ካለ ሱቅ በር ላይ ቆማችሁ አትጠብቁ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ደወልኩላት። አሁን ገና በልተው ነበር፣ ያውም ከዳቦ ጋር። ከዛሬ ጀምሮ ሰዓት እንድትጽፍልኝ ተስማምተናል። አንድ ልጨምር፦ «ዘ ኢንሱሊን ኢዝ ጀስት አባውት ጎን» ብላኛለች። አልቋል ነው?

ነርስ (ቨርጂኒያ)፦
«ሊያልቅ ምንም አልቀረው» ነው። የቀረውን አይተሽ ዛሬውኑ ለኃላፊሽ አሳውቂ፤ ነገ አትበይ።