ከዶክትሬት በኋላ ለነገረ መለኮት ተመራማሪ፦ የቱ ሽልማት፣ የቱ ፌሎሺፕ፣ መቼ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ነገረ መለኮት ለሚያጠና ሰው እስከ ዶክትሬት ድረስ ያለው ስኮላርሺፕ ተፈልጎ አይታጣም። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን እዚህም እዚያም የተበታተነ ነው። ሊጨርስ የተቃረበ ወይም ከጨረሰ ሁለት ዓመት ያልሞላው ተመራማሪ የት ይሞክር? መመረቂያ ጽሑፉ ሳይታተም የሚወዳደርበት ሽልማት አለ? በድህረ ዶክትሬት ውድድር ላይስ የነገረ መለኮት ፕሮፖዛል ከታሪክና ከፍልስፍና ጋር ተፎካክሮ ያልፋል? የቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ የሚያስፈልገውስ የቱ ጋ ነው?

ሰዋስው፦
ከገንዘቡ በፊት ቀኑን ይቁጠሩ። ለጀማሪ ተመራማሪ የተባለ ነገር አብዛኛው የዓመት ገደብ አለው፤ ቆጠራው የሚጀምርበት ቀን ግን ከተቋም ተቋም ይለያያል። አንዱ ዲፌንስ (የመመረቂያ ጽሑፉ በፈታኞች ፊት የሚቀርብበት ፈተና) ከተደረገበት ቀን ይነሳል፣ ሌላው ዲግሪው ከጸደቀበት። የምረቃው በዓል ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ይዘገያል፤ ዲፕሎማው ላይ የሚሰፍረው ቀን ደግሞ እሱ ሊሆን ይችላል። ዩኒቨርሲቲውን ሳይለቁ ሦስቱንም ቀኖች ለይቶ የሚጽፍ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ከሬጅስትራር ያውጡ። ከአገር ከወጡ በኋላ ይህችን አንድ ገጽ ማግኘት ያታክታል።

አሁን ወደ ፌሎሺፖቹ፣ ማለትም ለተወሰነ ጊዜ ጥናት ለመሥራት ወደሚሰጡት ድጋፎች። የጀርመኑ ሁምቦልት ፋውንዴሽን የድህረ ዶክትሬት ፌሎሺፕ ዶክትሬት ካገኙ ከአራት ዓመት ያልበለጣቸውን ይቀበላል፤ ቆይታው ከ6 እስከ 24 ወር ነው። በትምህርት መስክም በአገርም ኮታ የለውም፣ ስለዚህ ነገረ መለኮት በመሆኑ ብቻ የሚጎዳ የለም። ሆኖም ጀርመን ውስጥ የሚቀበልዎት ፕሮፌሰር አስቀድሞ መገኘት አለበት። የፕሮፌሰሩ አስተያየት የማመልከቻው አካል ስለሆነ፣ «ይምጣ፣ ደስ ይለኛል» የሚል ሁለት መስመር አይበቃም።

የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ስክሎዶቭስካ ኩሪ ፌሎሺፕ በዓመት ገደቡ ለጋስ ነው፤ ከዶክትሬት በኋላ እስከ ስምንት ዓመት ይፈቅዳል። ብዙ ሰው የሚወድቀው በመኖሪያ ደንቡ ነው፦ ከማመልከቻው መዝጊያ ቀን በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ በተቀባዩ አገር ከ12 ወር በላይ የኖረ ወይም የሠራ አይወዳደርም። ዶክትሬቱን ቤልጂየም ሉቨን ሠርቶ ሳይቆይ «እዚያው እቀጥላለሁ» የሚል ሰው ገና ሳይነበብ ይጣላል። ያው ፕሮፖዛል ለኔዘርላንድ ወይም ለጣሊያን ዩኒቨርሲቲ ቢገባ ግን ደንቡ አይነካውም። መዝጊያው በብራሰልስ አቆጣጠር 17:00 ነው፤ ይግባኝ የለውም።

የብሪታኒያዎቹ፣ ማለትም የብሪቲሽ አካዳሚ የድህረ ዶክትሬት ፌሎሺፕና የሌቨርሁም የጀማሪዎች ፌሎሺፕ፣ ቆይታቸው ሦስት ዓመት ነው። እዚያ ያልተማረ ወይም ያልሠራ ሰው ግን ፕሮፖዛል ከመጀመሩ በፊት የብቁነት ገጹን ያንብብ፤ አብዛኛው ድካም እዚያ ነው በከንቱ የሚቀረው።

ስለ ፉክክሩ ለጠየቁት፦ ኩሪ ላይ ፕሮፖዛሉን የሚያየው የማኅበራዊና የሥነ ሰብዕ ዘርፍ ፓነል ነው። ስለዚህ አንባቢው የነገረ መለኮት ሰው ላይሆን ይችላል። «ይህ ጥናት የቅዱስ ቄርሎስን ትምህርተ ሥጋዌ በጥልቀት ይመረምራል» የሚል ዓረፍተ ነገር ለዚህ ሰው ምንም አይነግረውም። እንዲህ ቢሆንስ፦ «ቄርሎስ የዮሐንስን ወንጌል የተረጎመው እ.ኤ.አ. በ428 ንስጥሮስ የቁስጥንጥንያ ፓትርያርክ ሆኖ ስለ ሥጋዌ ክርክሩ ከመነሳቱ በፊት ነው። ይህ ጥናት በኋላ በደብዳቤዎቹ ከታወቀበት አነጋገር የትኛው በትርጓሜው ውስጥ አስቀድሞ እንደነበረ፣ የትኛው ክርክሩ የወለደው እንደሆነ ይለያል።» ጥያቄ አለው፣ ቀን አለው፣ ውጤቱ ምን ሊሆን እንደሚችል ይታያል። እምነቱን ያልተቀበለ አንባቢም ጥያቄው ተገቢ መሆኑን ያምናል። ዋናው ክፍል ከ10 ገጽ አይበልጥም፤ ነጥቡም 50 ከመቶ ለጥናቱ ጥራት፣ 30 ለፋይዳው፣ 20 ለአፈጻጸሙ ነው። የነገረ መለኮት አመልካቾች ዘጠኙን ገጽ ለመጀመሪያው ሰጥተው የቀሩትን ሁለቱን በአንድ አንቀጽ ሲያልፏቸው ይታያል። ግማሹን ነጥብ እንዲህ መወርወር ያሳዝናል።

ብራና፦
ሽልማቶቹን እኔ ልጨምር። ለመመረቂያ ጽሑፍ ከሚሰጡት ውስጥ በስፋት የሚታወቀው በሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ በኩል የሚሰጠው የማንፍሬድ ላውተንሽሌገር ሽልማት ነው፤ ቀድሞ በጆን ቴምፕልተን ስም ይጠራ ነበር። እግዚአብሔርንና መንፈሳዊነትን በሰፊው ለሚመለከት የዶክትሬት ጽሑፍ ወይም ከዶክትሬት በኋላ ለሚወጣ የመጀመሪያ መጽሐፍ ይሰጣል። አሸናፊዎቹ 10 ናቸው፣ ለእያንዳንዳቸው 3,000 ዩሮ። ከገንዘቡ ይልቅ ሃይደልበርግ ላይ ከሌሎቹ አሸናፊዎች ጋር የሚደረገው ጉባኤ ይበልጥ ይጠቅማል ባይ ነኝ።

የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ለሚሠራ፣ የአሜሪካ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ማኅበር ለጀማሪ የሚሆኑ ሁለት ሽልማቶች አሉት፤ እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። የሲድኒ ሚድ ሽልማት ከዶክትሬት ጥናት በቀጥታ ለወጣና ላልታተመ ጽሑፍ ሲሆን፣ የብሩወር ሽልማት ደግሞ ለመጀመሪያ መጽሐፍ ነው። ምርጡን ምዕራፍ ቸኩሎ ለአንድ መጽሔት የሰጠ ሰው የመጀመሪያው ያመልጠዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ለሽልማቱ፣ ካልሆነ ለመጽሔት። በብሪታኒያ ያለው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ማኅበርም ለድህረ ምረቃ ተማሪ የኬኔዲ ሽልማት፣ ለጀማሪ ተመራማሪ የፕሬዚዳንቱ ሽልማት አለው፤ ሁለቱም ማኅበሩ በሚያወጣው የጥናት ጥራዝ ውስጥ ለሚገባ ጽሑፍ ናቸው።

መመረቂያው በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ መለቀቁ «ታትሟል» ያሰኛል ወይ? አንዱ ያሰኛል፣ ሌላው አያሰኝም። የሽልማቱን ጸሐፊ በኢሜይል ጠይቆ መልሱን ማስቀመጥ ነው።

ትንንሾቹንም አይናቁ። ሚኒሶታ የሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት በሄክማን ስም የሚሰጠው ድጋፍ እስከ 2,000 ዶላር ነው፤ ተማሪዎችንና ዲግሪያቸውን ከጨረሱ ሦስት ዓመት ያልሞላቸውን ይመለከታል። ፕሮፖዛሉ ላይ «ብራናዎችን አያለሁ» ማለት አይበቃም፤ የብራናዎቹ መለያ ቁጥር ተዘርዝሮ፣ በየትኛው ላይ ስንት ቀን እንደሚጠፋ መጻፍ አለበት። ደግሞም ብዙው ስብስብ በኢንተርኔት በነጻ ስለሚታይ፣ «እዚህ ድረስ መምጣት ለምን አስፈለገ?» ለሚለው መልስ ይዘጋጅ። ይህን ሳይመልሱ የሚያመለክቱ ብዙ ናቸው።

ጽላሎት፦
ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ደብዳቤ። በቤተ ክርስቲያን ገንዘብ የሚሰጡት በአብዛኛው ለዲግሪ ትምህርት ናቸው፤ መንገዳቸውም ይለያል። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ስኮላርሺፕ የሚኬደው በአባል ቤተ ክርስቲያን በኩል ስለሆነ፣ ግለሰቡ ብቻውን ቢያመለክት አያልፍም። ላንግሃም የተባለው ድርጅት የሚሰጠው የዶክትሬት ድጋፍ ተመልሶ ለማስተማር ቃል መግባትን ይጠብቃል። የጀርመን ካቶሊኮች የውጭ ተማሪዎች ድርጅት፣ ካአድ (KAAD)፣ በዋነኛነት ለካቶሊካውያን ነው፣ መመለስንም ይጠይቃል። በቤተ ክርስቲያን በኩል በሚያልፈው ላይ ዋናው ቀነ ገደብ የማመልከቻው አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያኗ ኮሚቴ መቼ እንደሚሰበሰብ ነው መጠየቅ ያለበት። ኮሚቴው ከመዝጊያው ሳምንት በኋላ የሚቀመጥ ከሆነ አንድ ዓመት ሄደ ማለት ነው።

ሁምቦልት ጋ ግን የጳጳስ ወይም የመጋቢ ደብዳቤ የአካዳሚ ምስክርነትን አይተካም። «ትሑት፣ ታታሪ፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚተጋ» የሚል ደብዳቤ መልካም ነው፤ ገምጋሚው የሚፈልገው ግን ምዕራፍ ሦስት ላይ ያለው ክርክር ለምን አዲስ እንደሆነ ነው። ስለዚህ ለደብዳቤው ጸሐፊ የውድድሩን ማስታወቂያ፣ የፕሮፖዛሉን ሁለት ገጽና ከእሱ የሚጠበቁትን ሦስት ነጥቦች አስቀድመው ይላኩለት፤ ስድስት ሳምንት ይስጡት። ዝም ካለ ሁለት ሳምንት ሲቀር ያስታውሱት፤ በዚህ የሚቀየም ፕሮፌሰር ብዙ የለም።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ጠርቶልኛል። አንድ ብቻ፦ ሽልማትና ፌሎሺፕ በአንድ ዓመት ቢደርሱ ሁለቱንም መውሰድ ይቻላል?

ሰዋስው፦
ሽልማት ለተሠራ ሥራ የሚሰጥ ስለሆነ ከፌሎሺፕ ጋር ብዙ ጊዜ አይጋጭም። የሚጋጩት ሁለት የኑሮ ወጪ የሚሸፍኑ ገንዘቦች ናቸው። ሁለተኛውን ሳያሳውቁ የተቀበሉ ሰዎች የመጀመሪያውን እንዲመልሱ የሚያስገድድ አንቀጽ በብዙ ውል ውስጥ አለ። የጉዞ ወይም የቤተ መጻሕፍት ድጋፍ ከሆነ በአብዛኛው ይፈቀዳል፣ ግን ከመፈረም በፊት በጽሑፍ ያሳውቁ። የደረሱበት ቀን ከተጋጨም መጀመሪያ የትኛው ሊራዘም እንደሚችል ይጠይቁ፤ ፌሎሺፖች የሚጀምሩበትን ቀን በጥቂት ወራት ለማዛወር ብዙ ጊዜ ይስማማሉ።