«ሲል ይዣለሁ» የሚሉት ስሪላንካዎች ጾም ነው ወይስ ሱባኤ?

ቀለሟ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ እዚህ ዱባይ አብራኝ የምትሰራ ስሪላንካዊት አለች፣ ቡዲስት ናት፣ ቬሳክ የሚሉት በዓላቸው ሲደርስ «ዛሬ ሲል ይዣለሁ» ትላለች። ሀበሾቹ «ምን ሲል ነው ደግሞ» እያሉ ይስቃሉ ሃሃ። ጾም ነው እንዳንል ጠዋት ቁርሷን ጥርግ አድርጋ ነው የምትበላው። በአማርኛ ምን ይባላል?

አባ ግስ፦
ጾሙስ አለበት፣ ሰዓቱ ነው የተገለበጠብሽ። እኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳንቀምስ ቆይተን ነው የምንበላው፣ እነሱ ጠዋት በልተው ምሳቸውንም ከስድስት ሰዓት በፊት ጨርሰው ከዛ በኋላ እስኪነጋ እህል አይነኩም። ግን ምግቡ ካንድ ቃል አያልፍም፣ ሲል ማለት የሚገቡት ቃል ነው። በአዘቦት አምስት ነው፣ አለመግደል አለመስረቅ አለመዋሸት አለመሴሰን አለመስከር፣ በበዓል ስምንት ይሆንና ዘፈኑም ጭፈራውም ሽቶውም ጌጡም ይቀራል፣ ከፍ ያለ ምቹ አልጋ ላይ አይተኛም፣ ባልና ሚስትም ቢሆኑ በዛ ቀን ለየብቻ ናቸው። አገራቸው ላይ ነጭ በነጭ ለብሰው ቤተመቅደስ ይሄዳሉ፣ መነኩሴው በፓሊ (የነሱ ግዕዝ በይው) ይላል እነሱ ይከተላሉ፣ ከዛ እዛው ሲያሰላስሉ ስብከት ሲሰሙ ይውላሉ። የሚያቀርቡትን አበባ እንኳ አስቀድመው አያሸቱትም፣ መዓዛው የቡድሃ ነው ብለው። ስለዚህ እኔ ብሆን «ሱባኤ ገባች» ነው የምለው።

ደብተራው ልጅ፦
ኧረ ወንድሜ፣ ሱባኤ እኮ ከሰባት የመጣ ቃል ነው፣ ያንድ ቀኑን ምኑን ሱባኤ አልከው? ደግሞ ጨረቃ በሞላች ቁጥር ፖያ የሚሉት በዓል አላቸው፣ በየወሩ መንግስት መስሪያ ቤት ይዘጋል፣ ሲሉም በየፖያው ይያዛል። ቬሳክ የሜይ ወሯ ሆና የቡድሃ ልደት፣ ብርሃን ያገኘበትና ያረፈበት ሶስቱም ባንዴ ስለሚታሰቡ ነው ከሁሉም የገነነችው። እኔ «ጾም ያዘች» እላለሁ፣ «ያዘች» የምትለዋ ራሷ ከነሱ አባባል ጋር ትገጥማለች።

ቀለሟ፦
እሺ ዳንሳልስ? ቪዲዮ አሳይታኝ ነበር፣ መንገድ ዳር ድንኳን ጥለው ያለፈ ያገደመውን መኪና ሳይቀር እያስቆሙ ሩዝ በካሪ፣ ሻይ፣ አይስክሬም በነጻ፣ ማታ ደግሞ ከተማው በቀርከሃና በወረቀት በተሰራ ፋኖስ ያብረቀርቃል፣ ታድያ ምግቡን ምጽዋት ልበለው?

አባ ግስ፦
ምጽዋትማ ለነዳያን ነው እህቴ፣ እዛ ባለመርሴዲሱም ተሰልፎ ይበላል። ዳን መስጠት ነው፣ ሳል አዳራሽ። አብሊው የሚፈልገው በረከቱን ነው፣ ማን በላ ማን ጠጣ ብሎ አይመርጥም፣ «በስምህ ቀዝቃዛ ውሃ ያጠጣ» ያለው ነገር ነው እንግዲህ፣ ዝክር በይው።

ደብተራው ልጅ፦
ጠላ የሌለው ዝክር! በቬሳክ እኮ መጠጥ ቤቱም ስጋ ቤቱም ዝግ ነው፣ ሁለት ቀን ሙሉ።

አባ ግስ፦
የጾም ዝክር አይተህ አታውቅም? ሽሮና ጠበል ይበቃል።

ቀለሟ፦
ሃሃ እሺ፣ ዳንሳሉን ዝክር ብዬዋለሁ። ሲሉን ግን አባ ግስዬ አትቀየመኝና ጾም ያዘች ላይ ልርጋ፣ ሱባኤ ገባች ካልኳቸው እነዚህ ልጆች ስራ ለቀቀች ብለው ነው የሚያወሩባት።